ሽታው ፈቃዱን ያስረከበበት ክረምት

መምሬ አስረስ ሁለቱን እፍኝ እህል ተቀበሉና አማተቡበት። «እግዚአብሔር ይቀበልልህ። ስንዴው ለመገበሪያ ይሁን፣ ጤፉን ለነዳያን እናደርገዋለን» ብለው ወደ ጓዳ ላኩት። ሽታው ባዶ እጁን እንደዘረጋ በር ላይ ቀረ። እህሉን ያመጣው ለመባ አልነበረም፤ ንስሐ አባቱ ከሁለቱ አንዱን መርጠው «ይህን ዝራ» እንዲሉት ነበር። ሁለቱንም ከወሰዱበት ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዘንድሮ ሁለቱም አይዘሩም። ደግሞ መጠየቅ አለመታዘዝ መሰለውና መስቀል ተሳልሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እዚህ የመታዘዝ ከፍታ ላይ በአንድ ጀምበር አይደረስም። ሽታው ጉዞውን የጀመረው በጰራቅሊጦስ ሰሞን ነው። የዚያን ሰንበት መምሬ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ ክርስቶስ ነፃ ያወጣው ሰው ነፃነቱ የሚታወቀው በመታዘዙ ነው ብለው አስተማሩ። ሌላው ምእመን አሜን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሽታው ግን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ነውና፣ የሰማውን ወደ ተግባር ሳይለውጥ አያድርም። ባለቤቱን ሙሉአለምን ጠርቶ፣ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የገዛ ፈቃዱን ለሚመለከተው አካል ሙሉ በሙሉ ማስረከቡን አስታወቀ።

የርክክቡ ፍሬ ለመታየት ጊዜ አልፈጀበትም። ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ሚስማር ለመምታት ፈቃድ አልመጣም። የበረቱ አጥር ወደቀ፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነበር። በውጫሌ ገበያ ቀን ጠላ ቤት ጎራ ማለት ብቻ፣ አነስተኛ ጉዳይ በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ይፈጸም ነበር። እውነት ለመናገር መምሬም መጀመሪያ ላይ ሳይወዱት አልቀሩም። ፀጉሬን ሐሙስ ልላጭ ወይስ ዓርብ ብሎ የጠየቃቸው የንስሐ ልጅ እስከዚያ ቀን ገጥሟቸው አያውቅም። በየጸበል ጻዲቁ «እንደ ሽታው ሁኑ» ይሉ ነበር።

ጎረቤቱ ዘይኑልአቢዲን ግን ነገሩን የተመለከተው ከበሬው አንጻር ነው። እሱና ሽታው መቀናጆ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያላቸውን አንድ አንድ በሬ አንድ ላይ ጠምደው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ። የዘይኑልአቢዲን ማሳ ተዘርቶ በቅሏል። የሽታው አንድ ጥማድ መሬት ግን አራት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ዘር ይጠብቃል። ሐምሌም እየተገባደደ ነው፤ ቤቱም ከዚህች መሬት ሌላ የሚላስ የሚቀመስ የሚያመጣለት የለም።

ዘይኑልአቢዲን ሦስት ጠዋት በሬውን እየነዳ መጣ። በሦስተኛው፣

«አያ ሽታው፣ ዝናቡ እኮ አይጠብቅህም» አለው።

«ንስሐ አባቴ አልፈቀዱም።»

«አይዘራ አሉ?»

«ዘሩን ወሰዱት። ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?»

«ወላሂ፣ እኛም ዘንድ መታዘዝ አለ። መሬት ጦም ይደር የሚል ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

ሙሉአለም ከጓዳ ወጥታ፣ ቄሱ ሱባኤ ሊይዙ ሐይቅ እስጢፋኖስ መውረዳቸውን፣ የሚጠየቅ ነገር ካለ ሄዶ መጠየቅ እንደሚችል ለባሏ ነገረችው። ፈቃድ ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ ሽታው እስከ ውጫሌ በእግሩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ እንደገና በእግሩ ገዳሙ ደረሰ።

መምሬ ታሪኩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«ልጅህ ሕይወት ቤት ለመጥረግ ታስፈቅድሃለች?» አሉት።

«ኧረ የለም አባቴ፤ የምወደውን ታውቃለች።»

«በቃ፣ መታዘዝ ይኸው ነው። ልጅ የአባቱን ልብ አውቆ ይሠራል። ትእዛዝ እስኪመጣ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ምንደኛ ነው። ክርስቶስ ነፃ ያወጣህ እኔ እንዳስብልህ መሰለህ?» መስቀላቸውን አነሡ። «በሥልጣኔ አዝዝሃለሁ፤ ራስህ ወስን።»

ሽታው መሬት ስሞ ቀኖናው ለስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀ።

«ዕድሜህን ሙሉ።»

«ከስግደት ጋር ነው?»

መምሬ ጸሎት ደርሶብኛል ብለው ገቡ።

ሽታው ነፃነቱን ታቅፎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጤፍን ከስንዴ፣ ስንዴን ከጤፍ ሲያመዛዝን ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ደረሰ። እዚያው አደረ። በማግስቱ ቀትር ላይ ማሳው ዳር ሲደርስ የወሰነ ሰው አረማመድ ነበረው።

ሙሉአለምና ዘይኑልአቢዲን ቦይ ዳር እግራቸውን ይታጠባሉ። ሁለቱ በሬዎች ተፈትተው ይግጣሉ። ከኋላቸው ማሳው ጤፍ ተዘርቶበት፣ በከብት ተረግጦ፣ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ ተኝቷል። ሽታው ግን ልቡ ንግግሩ ላይ እንጂ ዓይኑ መሬቱ ላይ አልነበረም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በተሰጠኝ ነፃነት መሠረት፣ ነገሩን ከየአቅጣጫው ከመረመርኩ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ወስኛለሁ። መሬታችን ስንዴ ይዘራበታል።»

ዘይኑልአቢዲን ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ።

ሙሉአለም የተረፈውን የጤፍ ዘር በጨርቅ እየቋጠረች፣ «መልካም ውሳኔ ነው» አለች፤ «ለከርሞ እንታዘዝበታለን።»