አያ ሙነወርና የራሁ ሰዓት

"ዛሬ ቀኑ ጥሩ አይደለም" የሚል ጎረቤት የሌለው ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ግን ዕድለኞች ነን፤ የእኛው ቀን መራጭ ዕውቀቱን ያመጣው ከህንድ ነው፣ ያውም በኩዌት በኩል።

ሊቀ ዕለታት የምንላቸው አያ ሙነወር ኩዌት መጋዘን ሲጠብቁ ራጉ ከሚባል ህንዳዊ ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ራጉ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የሂንዱዎች ቀን መቁጠሪያ አስተማራቸው፤ እሳቸውም እኛን ያስተምራሉ። እንደ እሳቸው አባባል ቀን ሰኞ፣ ማክሰኞ ተብሎ ብቻ አያበቃም፤ አምስት አካል አለው። ዕለቱ አንድ፣ የጨረቃዋ ቀን ሁለት፣ ጨረቃዋ ያደረችበት ኮከብ ሦስት። የቀሩትን ሁለቱን እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ሰው የለም። ቀኑ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ የጨረቃዋ ቀን ግን ደስ ካላት ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ በየቀኑ "የራሁ ሰዓት" የሚባል ክፉ ሰዓት አለ፤ ራሁ ጨረቃን የሚውጥ ጭራቅ ነው አሉ፣ በእሱ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም።

"ይሄ ነገር ሀራም አይደለም ወይ?" ስንላቸው፣ "አላምንበትም፤ ማወቁ ግን ምን ይጎዳል?" ይላሉ። ሳያምኑበት ስንቱን አስተጓጎሉት! ጎረቤታችን አሪፋ ሱቋን የምትከፍትበትን ቀን ደጋግመው አዘዋወሩባት። አንዱን ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ሊገፋ ሲል ከዳር መለሱት። አንድ ሰሞን ደግሞ የውጭውን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት መቀየር ረስተው፣ በክፉው ሰዓት ስንሠራ ውለን በደጉ ሰዓት እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ምንም አልደረሰብንም።

ዘንድሮ ልጃቸው ሀውራ ለሥራ ሪያድ ልትሄድ ሆነ። የምትነሣበትን ቀን አባቷ እንዲመርጡላት ጠየቀች። ይሄኔ ቀን ጠፋ። ሰኞ ጨረቃዋ አልተመቸችም፤ ማክሰኞ ኮከቡ ኮስታራ ነው፤ ረቡዕ ደግሞ እንዲያው ደስ አላላቸውም። ቪዛዋ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ጎረቤት ነኝና ልቆጣቸው ቤታቸው ገባሁ። ሀውራ ቀድማኝ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

"አባ፣ አንተ የሄድክበት ቀን እንዴት ነበር?" አለቻቸው።

"ራጉ ወደ ኋላ ቆጥሮ አይቶልኛል። እንከን የሌለው ቀን ነበር።" ወደ ሀውራ ዞሩ። "አንቺ እናትሽ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። ስመለስ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰሽ፣ 'ይሄ ማነው?' ብለሽ እናትሽ ጀርባ ተደበቅሽ።"

ልቆጣ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ሀውራ እጃቸውን ያዘች።

"እንግዲያ የመመለሻዬን ቀን ምረጥልኝ።"

አያ ሙነወር ጨረቃም ኮከብም አላማረጡም።

"ለመመለስማ ክፉ ቀን የለም፣ ልጄ። በራሁም ሰዓት ቢሆን ነይ።"

ሐሙስ ሄደች። ከመናኸሪያ ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም። ቀን መምረጥ ማለት ልጅን አንድ ቀን ጨምሮ ማቆየት ከሆነ፣ ለእኔም ልጆች እሳቸው ይምረጡልኝ።