አጎት ናሄሌ በግማሽ ክንድ ማዕበል ላይ የዘመቱት ዘመቻ

የሸውሸዌው ጥላ ጌታ፣ ጋላቤ ማዕበል አጎት ናሄሌ በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ በነገሡ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ሞቃቱን ወራት ሁሉ እንደ ሳሕን ውሃ ተኝቶ ሕፃናት ሲንቦጫረቁበት የከረመው የሃዋይዋ ደሴት የኦዋሁ ባሕር ከሰሜን ተቆጥቶ ተነሣ።

ወእምዝ አጎት ናሄሌ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ዳርቻው ወረዱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ የዛገችው ፒክአፕ ባለቤትና ወንበሩን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚመኘው ካሌኦ፤ ማንንም ታዞ የማያውቀው ውሻ ፖኖ፤ ምሳውን በበረዶ ሳጥን የያዙት የጌታችን ታላቅ እኅት፣ አክስት ማሂና።

በዚያ አገር ሕግ ማዕበል ከፊቱ አይለካም። ከጀርባው ተለክቶ፣ እንደገና ይገመሳል፤ ሙሉውን የተናገረ እንግዳ ወይም ፈሪ ይባላል። ስለዚህ የነፍስ አዳኞችን ማማ የሚያህል ውሃ ፊታቸው ሲቆም፣ አጎት ናሄሌ ፊታቸውን አጽንተው አወጁ፦

«ስሙ! ይቺ ሁለት ክንድ ናት!»

ካሌኦም በአዋጅ መለሰ፦ «ኧረ አጎቴ! ዕድሜ ዐይንን ያጎላል እንዴ? አንድ ብትሞላ ነው!»

«እንዲያውም ግማሽ!» አሉ ጌታችን፣ ዙፋናቸው ሲነቃነቅ ተሰምቷቸው።

እነርሱ ሲገምሱ ባሕሩ አሸዋውን ሽቅብ ወጥቶ የበረዶ ሳጥኑን ከነሩዙ፣ ከነቆርቆሮ ሥጋው ወሰደው። ያን ጊዜ የአክስት ማሂና አዋጅ ወጣ፦

«አንተ ናሄሌ! ግማሽ ክንድ አላልክም? ግማሽ ክንድ ቁርጭምጭሚት አያርስም! ግባና ምሳዬን አምጣ!»

እምቢ ቢሉ ቃላቸው ሊወድቅ፣ ዙፋናቸውም ለካሌኦ ሊሆን ነው። ካሌኦም ወንበሩን በዐይኑ ለካው፤ ሳይገምስ። አጎት ናሄሌ የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳቸውን ታቅፈው፣ ውሻው እንኳ ሳይከተላቸው፣ እየጸለዩ ገቡ።

ባሕሩም አነሣቸው፤ አገላበጣቸው፤ ሰሌዳቸውን ማረከ። ከአረፋው ውስጥ እጃቸው አንድ ነገር ጨበጠ፤ የበረዶ ሳጥኑ ነበር። በሆዳቸው ተጋድመውበት፣ እንደ ንጉሥ በፈረሱ፣ ወደ ዳርቻው እየጋለቡ ወጡ፤ ቁምጣቸውም ለባሕሩ ግብር ቀረ። ያረፉትም ወንበራቸው እግር ሥር ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠበት ካሌኦ ዘሎ ወረደ። አክስት ማሂና ፎጣ ወርውረው አለበሷቸው፤ ያም ካባቸው ሆነ።

ካሌኦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እሺ አጎቴ፣ ከውስጥ ሲያዩት ስንት ሆነ?»

ጌታችን አሸዋ ተፉ፤ ትንሽ አሰቡ፤ እንዲህም ሲሉ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ግማሽ። ግማሽም አልሞላ።»

ሕዝቡም አሸዋ የገባበትን ሩዝ እየበላ አመሰገናቸው። ሳጥን ጋላቢው፣ ምሳ አዳኙ፣ ቃላቸውን ከቁምጣቸው ያስበለጡት አጎት ናሄሌ ስማቸው ከባሕር ይስፋ! ዙፋናቸውም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከባሕሩ ሸሽቶ ባረፈበት ከመንገዱ ማዶ፣ ለዘለዓለም ይጽና!