በግ የላሰው ገንዘብ

ትናንት ሌሊት ጋሽ አጥላባቸው ለጠላትም የማይመኙት ሕልም አዩ። አይፈረድባቸውም፤ ሲተኙም ልባቸው በግ ተራ ነበር። እሁድ የልጃቸው የመልስ ድግስ ነው፤ በአማቾቻቸው ፊት በግ ካልታረደ ከሰፈር የሚሰደዱ ይመስላቸዋል።

በሕልማቸው በግ ተራ ደረሱ። ሰዎች በገመድ ታስረው ቆመዋል፤ በጎች እየተዘዋወሩ ይገበያያሉ። አንድ ቀንዳም ሙክት የጋሽ አጥላባቸውን ጀርባ ዳበሰ፣ ከንፈራቸውን ገልጦ ጥርሳቸውን አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ያረጀ ነው። ማነው ይኼን ለገበያ ያመጣው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ገዢ ነኝ! እርስዎን ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«በምን?»

ጋሽ አጥላባቸው መቶ ብር መዘው አሳዩት። ብሩ ግን ተቆጣ። አንገታቸውን ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳቸውና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያቸው። «ፎርጅድ ሰው ነው!» ብሎ ወረወራቸው። ሙክቱ ብሩን አፈፍ አድርጎ አኘከው።

«ጨው የለውም» አለ። «አያቶቼ የሚያውቁት ገንዘብ አሞሌ ነበር፤ ይላሳል። ይኼ ወረቀት ነው።»

«እንግዲያው በስልክ ልላክልዎ! ዘመናዊ ገንዘብ ነው።»

ሙክቱ ስልኩን ከላይ እስከ ታች ላሰው።

«ይኼማ ጭራሹን የለም። መስታወት ነው ያስላስከኝ!»

በጎቹ በሳቅ ፈነዱ። የታሰሩት ሰዎችም አብረው ሳቁ፤ ጋሽ አጥላባቸውን ያንገበገባቸው ይኼኛው ነው። ባዶ እጃቸውን ሲገቡ፣ ልጃቸው በባሏ ዘመዶች ፊት አንገቷን ስትደፋ ታያቸውና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሙክቱ ጠጋ ብሎ ጉንጫቸውን ላሰ። ዓይኑ በራ።

«አንተ! ይኼን ሁሉ ሀብት ይዘህ ነው ወረቀት የምታበላኝ? ጨምር!»

በጎች ከየአቅጣጫው ተጋፍተው መጡ። ጋሽ አጥላባቸው አለቀሱ፣ ባለቀሱ ቁጥር ከበሩ። «ሃያ በግ ይበቃዎታል ጋሼ?» ይላቸዋል ሙክቱ፣ አሁን አንቱ እያለ። ይበቃኛል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ትከሻቸውን ወዘወዙ።

«ተነስ እንጂ! ደስ ይበልህ፣ በጉ ተገዝቷል።»

ጋሽ አጥላባቸው በመስኮት አዩ። እውነትም የሰባ በግ ግቢው ውስጥ ታስሯል።

«በምን ገዛሽው?»

«ነጋዴው ደጅ ድረስ መጣ። ወረቀት ስሰጠው ፎርጅድ በዝቷል ብሎ እምቢ አለ። በስልክ እንላክልህ ስለው ሲስተም የለም አለ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ስልክህን ሰጠሁት። ቢያንስ እሱ ይጨበጣል።»

የቀረው የድግሱ ገንዘብ በሙሉ ስልኩ ውስጥ ነበር። ጋሽ አጥላባቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«የምስጢር ቁጥሬን የጻፍኩባት ወረቀትስ? እንዳልረሳው ብዬ ጀርባው ላይ ለጥፌያት ነበር እኮ!»

ወይዘሮ የሺመቤት ተቀየሙ።

«እሷንም አልነካሁበትም። እንዳለ አስረከብኩት፤ እኛ ሰው አናጭበረብርም።»