ጸሎት ለዩኒቨርሲቲው

ትምህርት ቤቱ ሲነቀፍ እሱን የሚያመው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኢየሩሳሌም በአጥር ለሁለት በተከፈለችበት በዚህ ዘመን፣ ልጄ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የፈተና ጥያቄ ይሸጣል ብለው ጋዜጦች ጻፉ። ጓደኞቹ የዩኒቨርሲቲውን ዓርማ ከኮታቸው ላይ ነቀሉ። የእኔው ልጅ ግን ቅዳሴም ቢሆን አድርጎት ይመጣል። በማሃኔ ይሁዳ ገበያ ቲማቲም ሻጩ፣ «ልጅሽ እዚያ አይደል የሚማረው? ጥያቄውን በስንት ገዛው?» ሲለኝ ቲማቲሙን ሳልገዛ ተመለስሁ። የድሃ ልጅ ከመልካም ስሙ ሌላ ምን አለው?

«ልጄ፣ ለጊዜው እንኳ ዓርማውን ንቀለው» አልሁት።

«እማዬ፣ አንቺ ብትታመሚ ጥዬሽ እሄዳለሁ?»



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ልጄ ለዩኒቨርሲቲው እንዲጸልዩለት መነኩሴውን ለመናቸው።

አባም እንደ ልማዳቸው፣ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉት።

«አልተጠመቀም፣ አባ።»

«ታዲያ ማን ብዬ ላንሣው?»

ልጄ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው በእኔ ስም ያንሡት፤ ወልደ ሚካኤል ነኝ» አለ።

አባ ቃላቸውን ይጠብቃሉ። ይኸው ከቅዳሴ በኋላ ሁልጊዜ፣ «የወልደ ሚካኤልን በደል ይቅር በል» ይላሉ። ልጄም ዓርማውን ደረቱ ላይ እንደ ሰካ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «አሜን» ይላል። ባለፈው እሑድ ከጎኔ የቆመችው ጎረቤቴ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ ንስሐ ከገባ ይበቃዋል» አለችኝ።