የሸንኮራ ድር

ጤነኛን ማን ይጠይቃል? አገራችን ለበሽተኛ ደግ ናት። እግራችሁ ቢቆስል ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ዕድርተኛው ደጃችሁን ያጣብባል፤ ስትድኑ ግን «እንኳን ማራችሁ» ትባሉና ከነጤናችሁ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ጤና ጥሩ ነው። ወሬ ግን አያወራም።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አዳማ ባለችው ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነበር። እኔም ብዙ ቃል የለኝም፤ ዕድሜዬን ወንጂ ሸንኮራ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አገዳ ደግሞ አያጫውትም። ታዲያ ቀኝ እግሬ ቆሰለና አልድን አለ። ቤቱ ሞላ! በተለይ አጥር የምንጋራው ኦቦ ቶሎሳ በየምሽቱ እየመጣ፣ እኔ እያዳመጥኩት፣ ስለ ኳስ ብቻውን ይሟገት ነበር።

ክሊኒክ ስመላለስ ሌንሳ የምትባል ተመራማሪ ከሐኪሙ ጋር ሆና ፈቃዴን ጠየቀችኝ፤ አዲስ የቁስል መሸፈኛ ልትሞክር። ስኳሩ ተጨምቆ የተረፈውን የአገዳ ገለባ ቀቅላ፣ አንጥታ፣ ጀርም እንዲገድል ባሕርዩን በመድኃኒት ለውጣ፣ ካሟሟችው በኋላ በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበች ትፈትለዋለች። ክሩ አንድ በአንድ ለዓይን አይታይም፤ ሲደራረብ ነው እንደ ስስ ነጭ ሻሽ የሚሆነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይኼስ ምን ያስራል?» አልኳት።

«ጀርም ነዋ፣ አባባ!»

ቤቴ ድረስ እየመጣች ትቀይርልኝ ጀመር። በር ላይ ሆና በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ አባባ?» ብላ እንዴት እንዳደርኩ ስትጠይቀኝ ገና ያኔ ይነጋልኛል። ቁስሉ ግን ቸኮለ። አትፍረዱብኝ፤ ጠርዙ በገጠመ ቁጥር እሷ ስትፈነድቅ፣ እኔ በሆዴ «ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?» እለዋለሁ። ዕድሜ ልኬን የቆረጥኩት አገዳ መልሶ እኔን ሰፋኝ።

«ጨረስን፣ አባባ! ድነዋል!»

«ግራውንስ አታዪውም?»

«እሱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ችግሩ እሱ ነው።»

ስቃ ጉንጬን ሳመችኝና ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ቶሎሳም «እንኳን ማረህ» ብሎ ቀረ። ሬዲዮውን ከፈትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የዳነውን እግሬን ይዤ ወደ ቶሎሳ ደጅ ሄድኩ። ገና ሲያየኝ ደንግጦ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ምነው በደህና? ምን ሆነህ መጣህ?»

«ድኜ» አልኩት።