ጋሽ ኪሩ ኮርዶባን እንዴት እንዳስጎበኙ

ታላቅ ሰው ታላቅ ከተማ ሳያይ መሞት የለበትምና፣ የጉለሌው ጋሽ ኪሩ ኮርዶባን ያዩ ዘንድ ሰማይና ምድር ተባበሩ።

ጋሽ ኪሩ በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የለያቸው ከደመወዛቸው እንጂ ከእርማቱ አይደለም። የለቅሶ ቤት ንግግር ያርማሉ፤ የታክሲ ረዳት አጠራር ያርማሉ፤ ቅዳሴ ሲያበቃም ካህኑን ጠጋ ብለው፣ «አባ፣ እዚያች ቃል ላይ አላጠበቋትም» ይላሉ። ስለ እስልምና የሕንፃ ጥበብ ደግሞ ከቴሌቪዥን የቀሰሙት ጥልቅ እውቀት አላቸው። ይህንኑ ለጎረቤታቸው ለሐጂ አብዱልሰላም፣ ሱቃቸው በር ላይ በርጩማ ስበው፣ ስንት ዓመት ሙሉ በነፃ አስተምረዋል።

«ቅስት ማለት፣ ሐጂ፣ የእናንተ ጥበብ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፤ አላወቅሁም ነበር፤» ይላሉ ሐጂ፣ ስኳር እየመዘኑ።

የሐጂ ልጅ ጀዊሪያ ኮርዶባ ስትማር ቆይታ ልትመረቅ ሆነ። እናቷ ወይዘሮ ሩፋይዳ አውሮፕላን ይፈራሉና፣ «በእኔ ፋንታ ኪሩ ይሂድ፤ ደግሞም አዋቂ ነው» አሉ። የጋሽ ኪሩን ትኬት የገዛችው ልጃቸው ሃና ናት። አባቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ አገር ሲያርሙ እንደሚከርሙ ስታስበው እጇ አልሰሰተም።

ሐጂ መካ ደርሰው የመጡ ናቸው፤ ጋሽ ኪሩ ግን አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ቢሆንም የቀበቶውን አስተሳሰር ያስረዱት ጋሽ ኪሩ ናቸው። የሐጂን አንድ ጫፍ ከራሳቸው አንድ ጫፍ ጋር አገጣጠሙትና፣ አስተናጋጇ መጥታ እስክትፈታቸው ድረስ ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ላይ ታስረው ቆዩ።

ኮርዶባ ደረሱ። በማግስቱ ጀዊሪያ ያንን መስጊድ ሆኖ ተሠርቶ ኋላ ካቴድራል የሆነውን ዝነኛ ሕንፃ ልታሳያቸው ወሰደቻቸው። ጋሽ ኪሩ በር ላይ ቆም ብለው መመሪያ ሰጡ።

«ሐጂ፣ ከአጠገቤ እንዳትርቅ። ፈረንጅ ሙስሊም ሲያይ ይደነግጣል። ጥያቄ ከመጣ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እሺ፤» አሉ ሐጂ። ለምረቃው ያሰፉትን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ባርኔጣቸውን ለአክብሮት በእጃቸው ይዘዋል።

ጋሽ ኪሩ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባታቸው ነውና ከሽሮ ሜዳ የገዙትን ነጠላ አጣፉ፤ መድረኩን ተሳለሙ፤ ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ሸጎጡ። ገቡ። ዓምዱ እንደ ደን ነው። ከላዩ ቀይና ነጭ ቅስት በቅስት ላይ ተደራርቦ፣ መጨረሻው አይታይም። ጋሽ ኪሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሙት ነገር አጡ። ልባቸው ተነካ። ከፊታቸው መስቀል ሲያዩ ጉልበታቸው ታጠፈና ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ ደፍተው ሰገዱ።

ጥበቃው እየጮኸ ሮጦ መጣ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ኪሩ፣ እንደተደፉ።

«ይነሱ ጋሽ ኪሩ፤» አለች ጀዊሪያ። «ሙስሊሞች እዚህ መስገድ አይፈቀድላቸውም ይላል።»

«ማነው ሙስሊሙ?»

«እርስዎ።»

ጋሽ ኪሩ ተነሡ። «ከእነ ቅድመ አያቴ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ በይው!»

ጀዊሪያ ነገረችው። ጥበቃው ነጠላውን አየ፤ ባዶ እግራቸውን አየ።

«ክርስቲያን ጫማውን አውልቆ አይገባም ይላል።»

«ሙሴን ‹ጫማህን አውልቅ› ያለው ማን ሆነና! ይኼንን ተርጉሚለት!»

«ይቅርብዎ፤ ያባብስብዎታል።»

ጋሽ ኪሩ ማዕተባቸውን ከአንገታቸው ጎትተው አሳዩ። መስቀሉን ግን አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ እንዳይጮህ ብለው ቤት ትተውት መጥተዋል። ጥበቃው ጥቁሯን ክር አይቶ ምንም አልገባውም።

ይሄኔ ሐጂ ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ሙስሊሙ እኔ ነኝ በይው። እሱ የማርያም ወዳጅ ነው።»

ጥበቃው ሐጂን በእጃቸው ከያዙት ባርኔጣ እስከ ተጠረገው ጫማቸው በአክብሮት ቃኛቸው፤ ፈገግ ብሎም አንድ ነገር ተናገረ። ጀዊሪያ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን አለ?»

«‹ጓደኛን ለማዳን ተብሎ ሃይማኖት አይካድም፤ እርስዎ ጨዋ ክርስቲያን መሆንዎ ከሩቅ ያስታውቃል› ይላል፣ አባ።»

ጋሽ ኪሩ በትሕትና ወደ ውጭ ተሸኙ። ሐጂ ጉብኝታቸውን እስኪጨርሱም እሳቸው ግቢው ውስጥ ብርቱካን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ አቤቱታ በሐሳባቸው ጻፉ፤ አረሙትም። በመጨረሻ ብቻቸውን መሳቅ ጀመሩ። «ኪሩ፣» አሉ ለራሳቸው፣ «ዕድሜህን ሙሉ ግድፈት ስትለቅም ኖረህ፣ ዛሬ አንተው ግድፈት ሆነህ ተለቀምክ!»

ጉለሌ ሲመለሱ የእድሩ ሰው ድንኳን ተክሎ ሊሰማቸው ተሰበሰበ። ጋሽ ኪሩ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! ኮርዶባን በሚመለከት፣ በቦታው በአካል በመገኘት ባካሄድኩት ጥልቅ ምልከታ…»

ዓይናቸው ሐጂ ላይ አረፈ። ሐጂ ምንም እንዳላየ ሰው አቀርቅረዋል፤ ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ይኼ ዝምታ ጋሽ ኪሩን ከጥበቃው ይልቅ አሸነፋቸው። ሁሉንም ዘረገፉት። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ታዲያ ውስጡ ምን ይመስላል?» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አጸደ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ሐጂን ጠይቂ፤ የገባው ክርስቲያን እሱ ነው።»

ሐጂም ስለ ቅስቱና ስለ መሠዊያው አንድ በአንድ ተረኩ። እናቶች «ተባረክ» አሏቸው። ጋሽ ኪሩ አንዲት ቃል አላረሙም።

«ኪሩ፣» አሉ ወይዘሮ ሩፋይዳ ከጥግ፣ «የሰፈራችንን መስጊድስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ውጪውን።»

«ከደጅህ ፊት ለፊት እኮ ነው! ይኼን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ‹አሳዩኝ› ያላልከው ምን ከልክሎህ ነው?»

ጋሽ ኪሩ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ።

«ቪዛ ስለማይጠይቅ፣» አሉ፣ «ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።»