ያልተቀረጸው ምርቃት

ለመሆኑ ምርቃት በስልክ ካልተቀረጸ አይደርስም ያለው ማነው? እኔ እዚሁ ሰበታ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ቶላ ቤት ተቀምጬ፣ አይደርስም ብሎ ድርቅ ያለ መምህር አጋጥሞኛል።

መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ የመጣው «አረጋውያንን ለማገዝ» ነው። ኦቦ ቶላም ይህን ሰምተው ባዶ ጄሪካናቸውን በሩ ላይ አስቀምጠዋል፤ ከቦኖ ውሃ መቅዳት ከከበዳቸው ቆይቷል። ልጆቹ ግን ጄሪካኑን ተራምደው ገቡና ለምርቃት ጎንበስ አሉ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ከልባቸው መረቁ። አንዷ ልጅ እንባዋን ጠረገች። እኔም፣ ልዋሽ እንዴ፣ ሆዴ ባባ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ አልተቀረጸም። ይድገሙልን» አለ መምህሩ።

ደገሙ። አሁን ደግሞ የልጆቹ አሜን አነሰ ተባለና አሜን ለብቻው ልምምድ ተደረገበት። እነዚህ ልጆች ለፈተና እንኳ እንዲህ ተለማምደው ያውቁ ይሆን? ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል መምህሩ፣ «አባባ፣ የትምህርት ቤታችንን ስምም ጣል ያድርጉበት» አለ።

ኦቦ ቶላ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ፈጣሪ የመጀመሪያውን ሰምቶ ሄዷል። ይልቅ ያችን ጄሪካን ሙሉልኝ።»

ተማሪዎቹ ጎንበስ እንዳሉ፣ በአንድ ድምፅ፣ «አሜን» አሉ።